ቀረጥ የተነሣለት ባትሪ ፍለጋ

ወደ መርካቶ የሄድነው ለጤና ጣቢያችን ባትሪ ልንገዛ ነው። ጣሪያው ላይ ያለው ሶላር ደህና ነበር፤ የሞተው ባትሪው ነው። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሞልቶናል፣ ግን የምናስቀምጥበት ስለሌለ ሲመሽ ጨለማ ነው። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ሕፃናቱን የምቀበለው በሞባይል መብራት ሆኖ ነበር።

በዚያ ሰሞን መንግሥት ለሶላር ዕቃዎችና ለባትሪዎቻቸው ቀረጥ ማንሣቱን ሬዲዮ ተናገረ። የጤና ኮሚቴያችን ሊቀ መንበር ጋሼ ደስታ ሕዝቡ ያዋጣውን ብር ኪሳቸው ውስጥ ሰፍተው መጡ።

"ሲስተር፣ ተነሺ! ወሬው ሳይቀዘቅዝ እንሂድ።"

ማልደን በአይሱዙ ጋቢና ቡታጅራ ደረስን፤ ከዚያ በአዲስ አበባ አውቶቡስ ቀጠልን። በየመንገዱ ዳር የተሰጣው በርበሬ ሜዳውን አቅልቶታል። ሾፌሩ ዘፈን ከፍ ሲያደርግ ጋሼ ደስታ ትከሻቸውን ይነቀንቃሉ፤ ተሳፋሪው ይስቃል።

ሰባተኛ

ከአውቶቡስ ተራ በእግራችን፣ "ዞር በሉ!" እያሉ ከሚሮጡ ተሸካሚዎች እየሸሸን ሰባተኛ የሚባለው የመርካቶ ሰፈር ገባን። የመጀመሪያው ባለሱቅ የመኪና ባትሪ አወጣልን። "ባትሪ ያው ባትሪ ነው፣ እህቴ" አለኝ። የቀድሞው የሞተብን የመኪና ስለነበር አመስግኜው ወጣሁ።

ከጎኑ ሐጂ ሸምሱ የሚባሉ የስልጤ ነጋዴ ለሶላር የሚሆነውን ትክክለኛውን ባትሪ አሳዩን። ዋጋው ግን የያዝነውን ሙልጭ የሚያደርግ ነው።

"ይሄ ቀረጥ ተከፍሎበት የገባ የድሮ ዕቃ ነው" አሉ ሐጂ። "ያለ ቀረጥ የገባው ነገ ከጉምሩክ ይወጣል። ዛሬ ብሸጥላችሁ ነገ ትረግሙኛላችሁ።"

እኔ ጨነቀኝ። ዘይነባ የምትባል ወሯ የገባ እናት ትቼ ነው የመጣሁት።

"አንድ ቀን ትታገሠን" አሉ ጋሼ ደስታ።

"ጋሼ፣ ምጥ ደግሞ ቀጠሮ ያከብራል እንዴ?"

ሐጂ እስኪያስላቸው ሳቁ። ጤና ጣቢያው ከዘይነባ ጋር ለቀረችው ባልደረባዬ ደወልኩ፤ "ምንም የለም፣ ቁጭ ብለን እያወራን ነው" አለችኝ። አማኑኤል አካባቢ የጋሼ ደስታ እህት ቤት ሽሮ በልተን አደርን።

የጭነቱ ቀን

በማግስቱ ቀትር አለፈ፤ ምንም የለም። ሐጂ ከአስር ሶላት ሲመለሱ ባትሪዎቹን የጫነው አይሱዙ በጠባቡ መንገድ እየተፋተገ ብቅ አለ። የተራው ነጋዴ ሁሉ ወጣ። ሐጂ የመጀመሪያውን ካርቶን ራሳቸው ከፈቱ።

"በያዛችሁት ብር ሁለት ይሆንላችኋል።"

ጋሼ ደስታ የሐጂን ትከሻ ሳሙ። አንዱ ለማዋለጃው፣ አንዱ ለእናቶች ማረፊያው!

ስንመለስ የአውቶቡሱ ረዳት ካርቶኑን ሊገለብጠው ሲል ጋሼ ደስታ ጮኹ፤ "ቀስ! መንግሥት እንኳ አይነካ ብሎ ቀረጡን የተወለት ዕቃ ነው!" አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። እኔ ፖሊሲ ሲባል ሬዲዮ ውስጥ ብቻ የሚኖር ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ እንደ ሐጂ ያለ ቀና ሰው መሃል ላይ ሲገኝ፣ መኪና ላይ ተጭኖ እኛ ደጅም ይደርሳል።

ቤት

ዘይነባ ሆዷን ደግፋ ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቀችን። የሶላር ባለሙያ መጥቶ ባትሪዎቹን ባገጣጠመ በጥቂት ቀን፣ አመሻሽ ላይ ምጧ መጣ፤ ክፍሉ ወገግ ብሎ ወንድ ልጅ ወለደች። ደረቷ ላይ አስተኛሁላት። ፊቱን አየችው፣ ቀና ብላም አምፖሉን አየችው።

"ሲስተር፣ ኧረ መብራቱን ጋርዱልኝ" አለች፤ "ልጄ ዓይኑን መግለጥ አቃተው!"