የረቡዕ ሽሮ

ደክሞኛል። ይህን ስል ሰው «ምን ሠራሽና?» ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ድንጋይ አልፈለጥሁ፣ መካነ ሰላም ከተማ በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጬ ደብዳቤ ነው የምመዘግብ። የደከመኝ ሌላ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳይ ኖሬ፣ ወደዱኝ ወይስ ጠሉኝ ስል ኖሬ ነው የደከመኝ።

ከኩታበር ተድሬ ስመጣ እዚህ አገር የማውቀው ባሌን ብቻ ነበር። ሰፈሩን ልልመድ ብዬ የማርያም ጽዋ ማኅበር ገባሁ። ማኅበሩ በየወሩ በሃያ አንድ ከቤት ቤት ይዞራል። ባለተራዋ ጠላ ትጠምቃለች፣ ዳቦ ትጋግራለች፣ ወጥ ትሠራለች። ቄሱ ጸልየው ይባርካሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጽዋው ለቀጣይዋ ይተላለፋል። ይኸው ነው። እኔ ግን ተራዬ በደረሰ ቁጥር ሠርግ የደገስሁ ያህል ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣለሁ።

ለምን ብትሉ፣ በእማማ ምክንያት። እማማ የማኅበራችን መሪ ናቸው፣ እኛ «ሙሴ» እንላለን። እኔ ከመምጣቴ በፊት በአንድ የጾም ቀን ያበሉት ሽሮ እስከ ዛሬ ይወራል። በዘይት ብቻ ሠርተው ሰውን ጣት ያስቆረጠሙበት ሽሮ! የእኔን የቀመሰ ሁሉ «ጥሩ ነው» ይልና «የዚያን ጊዜውን የእማማን ብትቀምሺው ግን...» ብሎ ምራቁን ይውጣል። እሳቸው ደግሞ በልተው ሲነሡ «እግዜር ይስጥሽ» ብቻ ነው የሚሉኝ። የሌላውን ቤት ሴት ሁሉ «ልጃችን» ይላሉ። እኔ «የኩታበሯ» ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት! ያችን አንዲት ቃል ስጠብቅ ስንት ሽንኩርት እንደ ከተፍሁ ማርያም ትወቀው።

አምና ተራዬ ረቡዕ ላይ ዋለ። በማግሥቱ የባሌ ወንድሞች ከደጎሎ ይመጣሉ። ስለዚህ ሁለት ድስት ቁሌት አቁላላሁ፣ አንዱን ለማኅበሩ በዘይት፣ አንዱን ለሐሙስ እንግዶች በቅቤ። ጎረቤቴ፣ ሙስሊም ናት፣ «ላግዝሽ» ብላ መጥታ ነበር። እምቢ አልኋት። ሲያመሰግኑኝ ለብቻዬ እንዲሆን ፈልጌ ነው፣ ምን ልዋሽ። ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ተዘግቷል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾም ስለሆንሁ ደግሞ ወጡን አልቀመስሁም። ሽሮውን ነሰነስሁ፣ አማሰልሁ፣ አወጣሁ።

ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገባ። እጅ ታጠቡ፣ መምሬ ጸለዩ፣ ባረኩ። ወጡን አቅርቤ ጭማሪ ላመጣ ወደ ማጀት ተመለስሁና የቀረውን ድስት ከፈትሁት። ቅቤ ያልረጋበት፣ የዘይቱ ቁሌት ነው። ቁጭ ብሏል፣ ማንኪያ እንኳ አልነካውም።

ወይኔ ጉዴ! ያ ሁሉ ሰው፣ ቄሱ ሳይቀሩ፣ ቀኑን ሙሉ ጾሞ ውሎ የኔን ቅቤ ሊበላ ነው።

እዚያው ቆሜ ያሰብሁትን ብናገር ይሻላል። ዝም በይ፣ አልሁ ለራሴ። ማን ያውቃል? ባለማወቅ ለበላ ኃጢአት የለበትም። እንዲያውም ዛሬ ገና «የኩታበሯ ሽሮ» ብለው ያወራሉ። እግዜርን መፍራቴ ቢሆን ደግ ነበር፣ እኔ የፈራሁት ሴቶቹን ነው። ክዳኑን ይዤ ምን ያህል እንደ ቆምሁ አላውቅም። በኋላ ግን የማርያም ሥዕል ከተሰቀለበት ክፍል «እንዴት ያውዳል በማርያም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በሷ ስም ሲያመሰግኑኝ አልቻልሁም።

«አትብሉ!» ብዬ ወጣሁ። «ቅቤ ነው! ድስት ተሳስቼ ነው፣ አፉ በሉኝ!»

አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ «ወይ ጉድ፣ እኔስ ሁለተኛ ጉርሻዬ ነው!» አለች። ሌላዋ «የኩታበሯ ጉድ ሠራችን» ስትል ሰማኋት። እማማ ብቻ ጉርሻቸውን በጣታቸው እንደ ያዙ፣ ወደ አፋቸው ሳያደርሱ፣ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስሁ።

«ምን ያስለቅስሻል? የበላም ባለማወቅ ነው» አሉ መምሬ።

«ልጃችን እንድትሉኝ ነበር የለፋሁት» አልሁ። ከአፌ አምልጦኝ ነው።

መምሬ «ልጅነቱንማ በሰማንያ ቀንሽ ክርስትና ስትነሺ ወስደሻል። ያን ቀን ምን ሠርተሽ ነበር? ምንም። ተሸክመውሽ ነው የመጡ። በሽሮ የሚሰጥ ልጅነት የለም። በይ ዳቦውን አምጪ፣ ሰው ርቦታል» አሉ።

ዳቦና ጠላ ቀመሱ፣ ጽዋው ተላለፈ፣ ሄዱ። ጎረቤቴ የቅቤውን ሽሮ ልትወስድልኝ መጣች። «አብሽሪ እህቴ፣ እኛ ቤት ዛሬ ጾም የለም» ብላ ልታስቀኝ ሞከረች፣ እኔ ግን አልሳቅሁም።

እማማ አልሄዱም ነበር። ሁሉም ከወጣ በኋላ መደቡ ላይ ተቀምጠው፣ «ሽታውን ገና ሲቀርብ አውቄው ነበር» አሉኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

«አፌ አልፈታ አለ። ያ የሚወራልኝ ሽሮ...» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ቅቤ ነበረበት። እኔም እንዳንቺው ተሳስቼ ነው። ሰው እየበላ ሲያመሰግነኝ ደስ አለኝና ዝም አልሁ። ንስሐ ስገባ ሌላውን ሁሉ እናገራለሁ፣ ያችን እዘላታለሁ። ከዚያ ወዲህ አልቆረብሁም።»

ዐሥራ አንድ ዓመት እደርስበታለሁ ብዬ የሮጥሁበት ሽሮ ባለቤቱን ከቁርባን ያራቀ ሽሮ ነው። መናደድ ይገባኝ ነበር፣ አቅሙ ግን አልነበረኝም። ለእሳቸውም ለራሴም አዘንሁ።

«ነገ ጠዋት መምሬ ዘንድ አድርሽኝ» አሉኝ። «ብቻዬን ከሄድሁ ከመንገድ እመለሳለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት፣ የእንግዶቹን ወጥ ሳልጀምር፣ ቤቱንም ሳልጠርግ ይዣቸው ሄድሁ። እሳቸው ከመምሬ ጋር ሲነጋገሩ እኔ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆሜ ጸለይሁ። ያለ ልመና፣ «አለሁ» ብቻ ነው ያልሁት። ከዚያም በኋላ ቢሆን የሰው ፊት ማየቱ አልለቀቀኝም፣ ትናንትም መሥሪያ ቤት አለቃዬ ባለመሳቁ ቀኑን ሙሉ ስብሰለሰል ዋልሁ። ሲመጣብኝ ግን ሰማንያ ቀን የሞላትን፣ ምንም ያልሠራችውን ልጅ አስባታለሁ።

እማማ ወጡ። ዓይናቸው ቀልቷል። ስንመለስ መንገድ ላይ ያች ሁለት ጊዜ የጎረሰችው የማኅበራችን ሴት አገኘችን።

«አይ የኩታበሯ!» አለችኝ እየሳቀች። «እማማ፣ እባክዎ የዚያን የሽሮዎን ሙያ ያስተምሯት!»

እማማ ቆሙ። ክንዴን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«የእኔም ቅቤ ነበረበት» አሏት። «ለሁሉም ንገሪልኝ።»

እማማ ወደ እኔ ዞረው «ነይ እንሂድ፣ እንግዶችሽ ይደርሱብሻል» አሉኝ። ቀስ እያልን ሄድን፣ ሁለታችንም ደክሞናል።