ከግራጫው ቀለም ስር

ኣንዶም ቀለም ቀቢ ነው፤ ሚኒያፖሊስ ውስጥ ግን ሥራውን አይቶ ያደነቀለት ሰው የለም። ሊኖርም አይችልም። ሥራው ሌሎች ግድግዳ ላይ የጻፉትንና የሳሉትን በግራጫ ቀለም ማጥፋት ነበር፤ አሳምሮ ከሠራው ምንም አይታይም። ባለሕንፃዎች ለካምፓኒው ይከፍላሉ፣ ካምፓኒው ኣንዶምን ከነባልዲው ይልካል፣ እሱም ቀብቶ ይመለሳል። እኔ ታክሲ ስለምነዳ እጁ ያለፈበትን ግድግዳ ከሩቅ እለየው ነበር። ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፣ ጠብታ የሚባል ነገር የለውም። ለማጥፋት ይህን ያህል መጨነቅ ምን ይሉታል እያልኩ እስቅበት ነበር።

የምንኖረው አንድ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች። ኤርትራዊ ቢሆንም ያደገውና የተማረው አዲስ አበባ በመሆኑ አማርኛው ከእኔ ይሻላል። በወጣትነቱ የሱቅ ታፔላ ይጽፍ ነበር። የልብስ ሰፊውንም የፀጉር አስተካካዩንም ጽፎ ሲጨርስ ጥግ ላይ ስሙን ያኖራል። በቀይ ሽብር ጊዜ ቀበሌው ጠርቶ ሌላ ሥራ ሰጠው። ወጣቶች በድብቅ ግድግዳ ላይ የጻፉትን መፈክር እንዲያጠፋ ታዘዘ። የአንዳንዶቹን የእጅ ጽሕፈት ያውቀው ነበር፣ የሰፈሩ ልጆች ነበሩና። ብዙዎቹ አልተረፉም። ይህን የነገረኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንስቶትም አያውቅም።

መርሃዊ የክርስትና ልጁ ነበር። የመርሃዊ እናት ለተኪሮስ ከመንገዱ ማዶ ትኖራለች። ባሏ ከሞተባት ወዲህ ልጇን ብቻዋን ያሳደገች፣ ዉድበሪ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሰው እናትና አባት ገላ ስታጥብ የምትውል ሴት ናት። መርሃዊ ከሃያ ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ኤደን ፕሬሪ አንድ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ ከሥራ የተረፈችውን ጊዜ ሁሉ ግን የስፕሬይ ቀለም ይዞ ከግድግዳ ጋር ነው።

በዚያ ዘመን ይህ ነገር የከተማው ሁሉ ጭቅጭቅ ነበር። ባለሱቁ ወንጀል ነው ይላል፣ ወጣቱ ጥበብ ነው ይላል፣ ጋዜጣው የሁለቱንም እያተመ ያራግባል። የእኛ ጭቅጭቅ የሚካሄደው ለተኪሮስ ሳሎን ውስጥ ነበር። ኣንዶም ጥበብ ከሆነ ባለቤቱን አስፈቅደህ በጠራራ ፀሐይ ሥራው፣ ስምህንም ሰው በሚያነበው ፊደል ጻፈው ይለዋል። መርሃዊ እናቱ በአማርኛም በትግርኛም ብታናግረው በእንግሊዝኛ ነበር የሚመልሰው። አንድ ቀን ግን ነገሩ በደንብ እንዲገባን ፈልጎ ይመስለኛል፣ በተሰባበረ አማርኛ ሞከረ።

«አንክል፣ እኔ ፔይንት ሳደርግ ሰው ያያል። አንተ ፔይንት ስታደርግ ማን ያያል?»

ለተኪሮስ ልጇን ገላመጠችው። ኣንዶም ተነስቶ ኮቱን ለበሰ። ወደ ቤታችን ደረጃውን ስንወጣ ቆም አለና፣ ልጁ እውነቱን ነው አለኝ። እሱን የሚያስፈራው ቀለሙ እንዳልሆነ፣ ግድግዳ ላይ የሚጽፍ ልጅ ሲያረጅ አይቶ ስለማያውቅ እንደሆነ ነገረኝ።

መርሃዊን ግን ግድግዳ አልገደለውም። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት፣ ቅጠሉ ረግፎ ሲያልቅ፣ የለተኪሮስ አባት አስመራ ላይ አረፉና ልትቀብር ሄደች። እሷ እዚያ እያለች የመጀመሪያው በረዶ ጣለ። መርሃዊ ከሥራ ወደ ቤቱ ድራይቭ ሲያደርግ መኪናው ተንሸራተተችና ከከባድ መኪና ስር ገባች።

ሽማግሌዎች ጋይም ቤት ተሰበሰቡ። ጋይም በዕድሜ የሁላችን ታላቅ ነው፣ እሱ የተናገረውም ይጸናል። በእኛ ወግ መርዶ በስልክ አይነገርም። አባቷን ቀብራ ገና ፍራሽ ላይ ላለች፣ የደም ግፊት ላለባት ሴት ምን ተብሎ ይደወላል? ብትሰማስ ያን ሁሉ ሰዓት አውሮፕላን ውስጥ ብቻዋን ምን ልትሆን ነው? ስለዚህ በደህና ትምጣ፣ አንድ ቀን ትረፍ፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበን እናርዳት ተባለ። አስከሬኑ ግን እስከዚያ አይቆይም ተባለና ልጁ ያለ እናቱ ተቀበረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ደግሞ ከመሃላቸው አንድ እንኳ ክፉ ያሰበ ሰው አልነበረም፤ ይህ ነው የሚያቃጥለኝ።

በረዶው ቀልጦ አየሩ ጥቂት ቀን ሞቅ ሲል፣ አብራው ግድግዳ ትስል የነበረችው አይዳ የምትባል ልጅ የመርሃዊን ፊት የሰፈራችን ልብስ ማጠቢያ ሕንፃ ግድግዳ ላይ ሳለችው። ግድግዳውን ሞልቶት ይስቃል። ፍንጭት ጥርሱ፣ ያቺ አልሞላ ብላ የምታናድደው ጢሙ፣ ሁሉም አለ። ከስር ስሙና የሞተበት ቀን ተጽፏል። ታክሲዬን አቁሜ ወረድኩና አለቀስኩ። ጥበብ ነው ወንጀል ነው ስል የኖርኩት ሁሉ ያኔ ከንቱ ሆነብኝ።

ግድግዳው የሚገኘው ግን ከለተኪሮስ የኩሽና መስኮት ትይዩ ነው። መጋረጃዋን ስትገልጥ ልጇ ፊት ለፊት ቆሞ መርዶውን ሊነግራት ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን ሲያዩ ተደናገጡ። ጋይም ወደ ኣንዶም ዞሮ፣ ይህ እንግዲህ ያንተ ሥራ ነው አለው።

ኣንዶም ሄደ። ስሙን መጀመሪያ አጠፋ፣ ከዚያ አገጩን፣ ከዚያ ሳቁን። ዓይኖቹን ለመጨረሻ አቆያቸው። ከታች ምንም ብቅ እንዳይል ደርቦ ቀባው፣ ጠርዙንም እንደ ልማዱ አስተካከለ። እንደዚያ ቀን አሳምሮ የቀባው ግድግዳ አላየሁም።

ለተኪሮስ መጣች። ልጄስ ስትል ኦቨርታይም ገብቶ ነው አሏት። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሯ ተንኳኳ፤ ነጠላ ለብሶ የቆመውን ሰው ስታይ ማንም አፉን ሳይከፍት ወደቀች። ስታለቅስ ውላ ድምፅዋ ሲያልቅ ቀና አለችና ጠየቀች።

«ማን አጠበው?»

የቀብር ድርጅቱ ሰዎች ናቸው አላት ጋይም።

«ውሃው ሞቅ ያለ ነበር?»

የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

አይዳ ለቅሶ ልትደርስ ስትመጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ሥዕሉን ለምን እንዳጠፉት ጠየቀች። መርዶው ሳይደርሳት እናቱ እንዳታይ ብለን ነው ሲሏት ግራ ገብቷት በእንግሊዝኛ፣ ታዲያ አንሶላ ብትሰቅሉበትስ አለች። ያን ሁሉ ሽበት ይዘን አንድ አንሶላ ለማናችንም አልታሰበንም።

ለተኪሮስ ከፍራሿ ላይ ወደ ኣንዶም ዞረች። ቤቱ ውስጥ ያለው የልጇ ፎቶ ጢም ሳያበቅል ትምህርት ቤት የተነሳው ብቻ ነበር።

«አበልጄ፣ ፊቱ ነበር?»

«ነበር።»

«ቀለሙ ይነሳል?»

«የላዩ ሲነሳ የታቹንም ይዞት ይሄዳል» አላት። ሙያው ነውና ሊዋሻት አልቻለም።

«ይኑር እንግዲህ» አለች።

ክረምቱን ሙሉ የኩሽናዋ መጋረጃ አልተዘጋም። ቆማ ግራጫውን ታያለች። ሌሎች ልጆች መጥተው ሲሞነጭሩበት ኣንዶም ማንም ሳይልከው በራሱ ቀለም ያለብሰዋል። ውሃ በግፊት የሚረጨውን ማሽን ወደዚያ ግድግዳ አላስጠጋም።

በረዶው ሲለቅ ሕንፃው ተሸጠ። አዲሱ ባለቤት ቀለሙ ሁሉ ታጥቦ ጡቡ ይውጣልኝ አለ፤ ካምፓኒውም ኣንዶምን ከነማሽኑ ላከው። እምቢ ቢል ሌላ ሰው ይላካል። እሱም መጀመሪያ የሄደው ወደ ለተኪሮስ ቤት ነበር። እኔ ወንበር ተሸክሜ ተከተልኳቸው፣ እሷም ነጠላዋን አጣፍታ ግድግዳው ፊት ተቀመጠች።

ኣንዶም ራቅ ብሎ ቆመና ግፊቱን ቀንሶ በቀስታ ጀመረ። የክረምቱ ብርድ ያላላው ግራጫ እንደ ወተት ስልባቦት እየተላጠ ወረደ። ከስር ግንባሩ ወጣ፣ ከዚያ አንድ ዓይኑ፣ ከዚያ ፍንጭት ጥርሱ። አንዳንድ ቦታ ላይ አብሮ ተነስቷል፣ ግማሽ ጉንጩ የለም። ግን መርሃዊ ነበር። ኣንዶም ማሽኑን አጠፋና ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ለተኪሮስ አልጮኸችም። ጢሙን እያየች፣ መላጨት ነበረበት አለች።

በኋላ ኣንዶም ዞር ሳይል ተናገረ።

«አበልጄ፣ መጨረስ አለብኝ።»

ለተኪሮስ ተነሳች። ወደ ማሽኑ ሄዳ የውሃውን ጎማ በመዳፏ ዳሰሰችው።

«ውሃው ሞቅ ያለ ነው?»

«ሞቅ ያለ ነው።»

«እንግዲያው እጠበው» አለች።

ጡቡ እስኪወጣ ድረስ አጠገቡ ቆማ ነበር።