የጭስ ቅጣት

ለጭስ ሁለት በግ ከፍያለሁ። ለእሳት ግን ምንም አልከፈልኩም፤ እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይኸኛው ነው።

ሰሞኑን ልጄ ሳሎኔ ጣሪያ ላይ እንደ ትንሽ ቂጣ ክብ የሆነ ነጭ ነገር ለጠፈልኝ። «የጭስ ማንቂያ ነው፤ ነበልባሉ ሳይነሳ ጭሱን አውቆ ይጮኻል» አለኝ። በማግስቱ ባለቤቴ ሽንኩርት ስታቁላላ አረረባት፤ ነገርየው ጆሮ እስኪበጥስ ጮኸ። እሷም ባትሪውን ልትነቅል ወንበር ላይ ወጣች።

«ለሽንኩርት የሚጮህ ምን ይረባል?» አለች።

«ከምድጃው ይራቅ እንጂ አፉ አይዘጋም!» ብዬ ጮህኩባት። ደነገጠች። እኔም ደነገጥኩ። ያረረው ሽንኩርት ሽታ ቡታጅራ አድርሶኝ ነበር።

በጃንሆይ ጊዜ ነው። ከበርበሬ ሱቄ ፊት ለፊት፣ ግራር ላይ፣ የጭነት መኪና ቸርኬ ተንጠልጥሎ ነበር። የእሳት ደወላችን እሱ ነው። ሱቆቻችን ጭቃና ሣር፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደገፉ ነበሩ፤ አንዱ ቢነድ ሁሉም ይነድዳል። ታዲያ አንድ ቀን በከንቱ ተደውሎ ገበያው ሲበረግግ ሌባ ስለጠገበ፣ የነጋዴው ዕድር ደንብ አወጣ፦ ነበልባል ሳያይ የደወለ በግ ይቀጣል። ያውም ሁለት፤ አንዱ ለክርስቲያኑ፣ አንዱ ለሙስሊሙ እንዲታረድ። ቡታጅራ ነው እንግዲህ፣ በአንድ በግ ሁሉን ማብላት አይቻልም።

ያን ደንብ መጀመሪያ የጣስኩት እኔ ነኝ። ከጠላ ሻጭዋ ጣሪያ ጭስ ሲትጎለጎል አየሁና ቸርኬውን ቀጠቀጥኩት። አገሩ ውኃ ተሸክሞ ሲደርስ ሴትዮዋ እንስራዋን በወይራ እያጠነች ነው።

የዕድሩ ዳኛ ጺማቸውን እያሻሹ «ያየኸው ጭሱን ነው እሳቱን?» አሉኝ።

«ጭሱን ነው፣ አባባ።»

«ጭስ ሱቅ በልቶ ያውቃል?»

ሳቁ! በጎቼን እየበሉ ሳቁ። ያልሳቀው ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር። ወደኔ ጠጋ ብሎ «ደግ አደረግህ፣ ወንድሜ። የኔን ቤት ጭስ ካየህ ምታው፤ በጎቹን እኔ እችላለሁ» አለኝ።

ከዚያ አንድ አርብ፣ ፀሐይ አናት ላይ ሳለች፣ ሰፊው ሱቁን ቆልፎ ለጁምዓ ሶላት ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የሱፍ ጨርቅ የሚጠበስ ሸተተኝ። ከበሩ ስንጥቅ ክር የመሰለች ጭስ ትወጣለች። የከሰል ካውያውን ኮት ላይ ረስቶት ኖሯል። እኔ የቸርኬውን መምቻ ብረት አንስቼ ወደ ግራሩ ስራመድ ጨው ነጋዴው ከማዶ አየኝ።

«ዛሬስ ምን ሸተተህ?»

«የሚቃጠል ሱፍ።»

«እሳት አየህ?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ጠቦቶችህን ሳብ!»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ብረቱን አስቀምጬ በርበሬ መስፈር ቀጠልኩ። የፈራሁት በጉን አልነበረም። በጉንማ የሚከፍልልኝ ሰው ነበረኝ። ሳቁን ነው የፈራሁት። ምን ዓይነት አገር ነው ግን፣ የሚያድነውን ሰው ቀጥቶ፣ በቅጣቱ ሥጋ አፉን አብሶ፣ ደግሞ «ለምን ዝም አልክ» የሚል?

እንዲያም ብለዋል። ነበልባሉ ጣሪያውን በስቶ ሲወጣ ቸርኬውን ለመምታት ሦስት ሰው ተጋፋ፤ ያኔ ደዋዩ በዛ። ከሁሉ በላይ የጮኹት ደግሞ ዳኛው ናቸው። «ቀድሞ የሚደውል ሰው ጠፋ? አፍንጫ የላችሁም?» ይሉ ነበር። ቸርኬውን በራሳቸው ላይ ባጠልቀው ደስ ባለኝ።

ከግራና ከቀኝ ያለውን ሣር አፍርሰን የሌላውን ሱቅ አተረፍን። ሰፊው ሲደርስ የእሱ ቤት አልቆ ነበር። ነጭ ቆቡን እንዳደረገ ቆሞ አመዱን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«ሸቶህ ነበር?»

«አልሸተተኝም» አልኩት።

እጄን ያዘና «አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልተነካም። አንተ ቢሸትህ ኖሮ ትመታው ነበር፤ አውቃለሁ» አለኝ።

አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ የሰባት ደንበኛ ልብስ ተቃጠለ። ዕድሩ አዋጥቶ ልብሱን ከፈለ፤ መኪናውን አልቻለም። ሰፊው እንሴኖ ከተማ ወርዶ በሰው መኪና በቅጥር ሲሰፋ ኖሮ እዚያው ሞተ። እውነቱን አልነገርኩትም።