የባላባቱ ሚስት እኛ ቤት ያደረች ዕለት

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ከምባታ ውስጥ፣ ሺንሺቾ ከተማ ነው። ይህን ታሪክ ለሰው የሚያወራው ሁልጊዜ ባለቤቴ ነበር። እሱ ካረፈ ስምንት ወር ሆነው። ተራው የእኔ ስለሆነ ቀስ እያልኩ ልጻፈው።

ሁለታችንም አስተማሪዎች ነበርን። አንድ ቀን ከሆሳዕና የኪነት ቡድን መጥቶ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ትያትር አሳየ። ታደለች የምትባል ተዋናይ የባላባት ሚስት ሆና ወጣች። የጭሰኛዋን እንሰት አስነቅላ ስትስቅ ሕዝቡ በሙሉ ረገማት። ሲያልቅ ግን አበባ የተሰጠው ጭሰኛዋን ሆና ለሠራችው ቆንጆ ልጅ ነው። በዘፈኑም ታደለች ከኋላ ቆማ ተቀባይ ነበረች፤ ድምፅዋ ግን ከፊት ካሉት ሁሉ ይበልጥ ነበር።

ቀበሌው እንግዶቹን በየቤቱ ሲያከፋፍል እሷ ለእኛ ደረሰች። ይዘናት ስንመጣ አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ትያትሩን አይተውታል፤ ትያትር ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነበር።

«ይቺ ሴት የእኔን ቆጮ አትበላም» አሉ በከምባትኛ።

ባለቤቴ ሊያስረዳቸው ሞከረ፤ አልሰሙትም። ድሮ፣ ባላቸው በሞተ በዓመቱ፣ የባላባቱ ሚስት የጓሯቸውን እንሰት አስነቅላባቸው ነበር። ልጆቻቸው እንዴት እንደተራቡ፣ በሰው ደጅ እንዴት እንዳደሩ፣ እዚያው በሩ ላይ ቆመው ዘረዘሩት።

እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነገር ነው። የቀበሌን እንግዳ የመለሰ ቤት «ፀረ አብዮት» ይባላል። ባለቤቴ ደግሞ ጸሎት ቤት ትሄዳለህ ተብሎ ከዚያ በፊት ታስሮ ነበር።

ታደለች ሀዲያ ብትሆንም ከምባትኛ ታውቃለች። ጨዋታ እኮ ነው ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ተንበረከከች።

«እናቴ፣ ያስነቀልኩት እኔ ነኝ። ልጆችዎ መራባቸውንም አውቅ ነበር። ይቅር ይበሉኝ» አለች።

አማቴ ጎንበስ ብለው ፊቷን አዩት። ከዚያ፣ «እስካሁን የት ነበርሽ?» አሏት።

እጇን ይዘው አስነሷት፤ እንባቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ማዕድ ላይ ቅቤውን ወደ እሷ እየገፉ፣ «ያን ሁሉ እንሰት ወስደሽ እንዲህ የከሳሽው ምን ነክቶሽ ነው?» ሲሏት መጀመሪያ የሳቀችው ታደለች ናት። አምነዋት ይሁን ትያትር መሆኑን እያወቁ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጠዋት ስሸኛት ለምን እንዲያ እንዳደረገች ጠየቅኳት።

«ይህቺን ሴትዮ ስሠራ ስንት ጊዜዬ ነው» አለችኝ። «አንድም ቀን ይቅርታ አትጠይቅም። ይጎድላል ብዬ ለደራሲው ብነግረው ሳቀብኝ።»

ቡድኑ ወደ አዲስ አበባ ሲጠራ እሷን አልወሰዷትም ሲባል ሰማን። ብቻዋን ዘፍናም በሬዲዮ አልሰማናትም። ሆሳዕና ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ሠርታ ጡረታ ወጣች አሉ።

አማቴ ከዚያ ቀን በኋላ የባላባቱን ሚስት በክፉ አንስተው አያውቁም። ባለቤቴ ይህን ባወራ ቁጥር ያ ቅያሜ ከቤታችን የወጣው በታደለች ነው ይል ነበር። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል፤ ሐዘኔም ገና ነው። ቢሆንም ያንን በር ሳስብ ደስ ይለኛል። አማቴ በዕድሜያቸው ያዩት አንድ ትያትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ተመልካች ግን የጎደለው መጨረሻ፣ ይቅርታው፣ የደረሳቸው እሳቸው ናቸው።