ውሃ የማይገባው ካሶኒ

አባቴ ጀልባ ሠሪ ነው። ሞያሌ ደግሞ ወንዝ የላትም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አስታርቄ ለመኖር ዕድሜዬን ፈጀሁ፤ እስካሁን አልሆነልኝም።

በኬንያው ሞያሌ፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ የጭነት መኪና ካሶኒ የምንሠራበት ግቢ አለን። መኪናው ጀርባው ባዶ ሆኖ ይመጣል፤ እኛ ጣውላና ብረት አልብሰን እንሰደዋለን። ግቢውን ያቀናው አባቴ ነው። ጉልበቱ ሲደክም እኔ ተረከብኩት። ተረከብኩት የምለው እንደው ለወጉ ነው እንጂ እሱ በየቀኑ ከቤታችን ከቡቲዬ በቦዳ ቦዳ ሞተር ይመጣል፤ ከሞተሩ ሳይወርድ የሠራሁትን ማቃናት ይጀምራል።

ደንበኛ ከመጣ የባሮ ወንዝን ታሪክ ሳይሰማ አይሄድም። ሰውየው መቼ ይደርስልኛል ብሎ ይጠይቃል፤ አባቴ "በመጀመሪያ ግንድ ነበር" ብሎ ይመልሳል። የወንዙ ሰዎች ትልቅ ዛፍ መርጠው ይጥላሉ፤ ሆዱን ቦርቡረው ታንኳ ያደርጉታል፤ ከአንድ ግንድ አንድ ታንኳ። ከዚያ ክረምት ወንዙ ሲሞላ ከሱዳን በኩል የእንፋሎት መርከቦች ወደ ጋምቤላ መምጣት ጀመሩ፤ ቡና ጭነው ይመለሳሉ። መርከብ ካለ ከኋላው የሚጎተት ጀልባ አለ፤ ጀልባ ካለ አናጢ ያስፈልጋል። የአባቴ አባት ከደጋ የወረደው በዚህ ምክንያት ነው። አባቴ ራሱ ያደገው ጀልባ ሥር ተንጋሎ፣ በጣውላና በጣውላ መካከል ቃጫ እየጠቀጠቀ፣ በላዩ ሬንጅ እያፈሰሰ ነው። ኋላ መርከቦቹ ቀሩ፣ ሸቀጡ በመኪና ሆነ፣ አናጢዎቹ ተበተኑ። እሱም አንድ ሾፌር ተከትሎ ውሃ በቦቴ የሚገባበት አገር ደረሰ። "መኪና ወንዛችንን ቀማን፤ እኔም መኪና ሥር ገባሁ" ብሎ ይጨርሳል። ደንበኛው ይህን ጊዜ ወይ አንቀላፍቷል ወይ ሄዷል።

ታሪኩን ለምጄዋለሁ። ያቃጠለኝ ከባሮ ይዞት የመጣው ሁለት አመል ነው።

አንደኛው፣ ክፍተት ካየ መድፈን አለበት። የካሶኒ ወለል ላይ ጣውላና ጣውላ ተጋጥመው ብርሃን ካሳዩት ቃጫውን ያወጣል። ለባቄላና ለስኳር ነጋዴ ጥሩ ነው፤ ፍሬ አይፈስም። ለከብት ነጋዴ ግን መዓት ነው። የከብት መኪና ወለሉ ክፍተት ሊኖረው ይገባል፤ ሽንቱ ካልወረደ ከብቱ ይንሸራተታል። ይህን ስንት ጊዜ እንደነገርኩት እኔና ግድግዳው እናውቃለን። አጠገቡ ከቆምኩ ይታዘዛል። ዞር ካልኩ ግን አለቀ።

ሁለተኛው፣ የሠራ ሰው መጀመሪያ ይሳፈራል። በባሮ አዲስ ጀልባ ውሃ ላይ ስትወርድ አናጢው ብቻውን ይቀመጥባትና ተሻግሮ ይመለሳል። ዳር ላይ የቆመ ሰው "ጠጣች?" ይለዋል፤ ውሃ ካላስገባች "አልጠጣችም" ይላል። ይህ ሳይባል ማንም እግሩን አያሳርፍባትም። አባቴም እያንዳንዱን አዲስ ካሶኒ ከኋላ ወጥቶ ለመጀመሪያ ጉዞው ይሸኘዋል። ጠያቂዋ እኔ ነኝ። የወተት ጥርሴን ነቅዬ ሳልጨርስ ጀምሮ በር ላይ ቆሜ፣ አቧራ ለብሶ ለሚወርድ ሰው "ጠጣች?" ስል ኖሬአለሁ። ሰው ይስቃል። እኔም ካደግሁ በኋላ አፍር ነበር።

ዘንድሮ አንድ የከብት ነጋዴ ለሁለት መኪኖቹ ካሶኒ አዘዘ። ከወዲያ ማዶ ከኢትዮጵያ ሞያሌ የሚመላለስ፣ ቃሉን የሚያከብር ሰው ነው። የመጀመሪያው ሊያልቅ ሲል ለሁለተኛው ቡሎን ልገዛ ድንበር ተሻገርኩ። ኬላው ላይ አቆይተውኝ ስመለስ መኪናው ሄዷል፤ አባቴም የለም። ግቢው ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል። ሽታውን እንዳገኘሁ የከብቱን ወለል እንደደፈነው ገባኝ።

መኪናው ከሶሎሎ ከብት ጭኖ ሲመለስ ነጋዴው በር ላይ ይጠብቅ ነበር። የኋላው በር ሲከፈት ሽንቱ ገንፍሎ እግራችን ላይ ፈሰሰ። ያ ሁሉ የሚያንገጫግጭ መንገድ ሲመታቸው ከብቶቹ ወለሉ ላይ ሲንሸራተቱ ነው የመጡት፤ አንዷ ላም እግሯ ተሰብሮ ተኝታለች። አባቴ ከፊት ጥግ ብረቱን ይዞ ቆሟል፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል። እኔ ምንም ሳልጠይቀው "አልጠጣችም" አለኝ። ፊቱ በርቷል።

ነጋዴው ላሚቱን አይቶ፣ ወለሉን አይቶ፣ ወደ እኔ ዞረ። "እህቴ፣ ወላሂ እኔ ያዘዝኩሽ መኪና ነው፤ ገንዳ አይደለም" አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። "ይሄ ምዜ፣ ይሄ ሽማግሌ፣ ሁለተኛ መኪናዬን እንዳይነካ።"

እልኬ አናቴ ላይ ወጣ። ከብቶቹ እንደወረዱ መሰርሰሪያውን አመጣሁና እዚያው፣ አባቴ እያየ፣ ወለሉን በሳሁት። ስቀጥል "ዕድሜዬን ሙሉ ቀዳዳ ስደፍን ኖርኩ፤ ልጄ ሆድ ትበሳለች" አለ። "አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ወለል አትነካም" አልኩት። መዶሻውን ከወገቡ አውጥቶ ጣውላ ላይ አስቀመጠና ወጣ።

በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ማታ ቤት ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ አገኘዋለሁ። ምግቡን ይነካካና ይተወዋል። ምን ሆንክ ስለው "ምንም" ይላል። ያን ሁሉ ዘመን ዝም በል ስለው ዝም ያላለ ሰው አሁን ዝም አለና ያም አናደደኝ። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነበር። አባቴን ያቆመው ሥራው ነው፤ ያን ከነሳሁት እንደተኛ ይቀራል ብዬ ፈራሁ። ግን ምን ላድርግ? ነጋዴውን እንዳላጣ፣ ከብት እንዳልሰብር፣ አባቴን እንዳልቀብር፤ ሦስቱም እኔው ላይ ወደቁ።

ሁለተኛውን ካሶኒ እኔው ሠራሁት። ወለሉን እኔው ገጠምኩ፣ ቀዳዳውን እኔው በሳሁ። መኪናው ሊወጣ ሲል ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

"ሳሳ፣ እንግዲህ ምዜው የታለ?"

"ዛሬ አይመጣም።"

"ሳይሳፈርበት አልነዳም፣ ማማ። ሁሌ እሱ ነው የሚወጣበት። መንገዱን ታውቂዋለሽ።"

አንዱ ከሌላው ሲሰማ ኖሮ ሾፌሩ ሁሉ ይህን አመል ወስዶታል ለካ። እኔ የማፍርበት ነገር ለእነሱ እንደ ፍሬን የማይቀር ሆኗል። ወደ ነጋዴው ዞርኩ፤ እሱ ይገላግለኛል ብዬ ነበር። "እንዳይነካ አልኩ እንጂ" አለ ከብቱ ሶሎሎ እየጠበቀው ስለነበር ሰዓቱን እያየ፣ "እንዳይሳፈር መች አልኩ?" በዚህ አገር ከማን ጋር እንደምጣላ ግራ ገባኝ።

ቦዳ ቦዳ ይዤ ቡቲዬ በረርኩ። አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ሁሉም እየጠበቀው እንደሆነ ነገርኩት። ደስ ይለዋል ብዬ ነበር።

"ሆዱ የተበሳ ነገር ላይ አልወጣም" አለ።

"ታዲያ ሾፌሩ እምቢ አለ፤ ማን ይውጣ?"

"የሠራው ነዋ።"

"የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"እኔስ ምን አልኩ?" አለና ተመልሶ ተኛ።

እየተነጫነጭኩ ወጣሁ። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ሻሼን አፌ ላይ ጠምጥሜ፣ ነጋዴውም ሾፌሩም እያዩ ከኋላ ተንጠላጠልኩ። ሶሎሎ ድረስ መንገዱ አጥንቴን አደቀቀው። በበሳኋቸው ቀዳዳዎች አቧራው ከሥር እየገባ ፊቴን ያለብሰኝ ነበር። ስንመለስ ደግሞ የከብት ቀንድ ጎኔ ላይ፣ እበት ጫማዬ ውስጥ። አባቴ ይህን በዚያ ዕድሜው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ ስንት መኪና ላይ ቆሞ እንዳደረገው አሰብኩ። ብረቱን ይዤ ወለሉን ሳዳምጥ ራሴን አገኘሁት፤ ሲጢጥ ያለ ጣውላ በሰማሁ ቁጥር የትኛው እንደሆነ አውቀው ነበር። አለመውደቄም ገረመኝ።

ግቢው በር ላይ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አባቴ እኔ ስጠይቀው በኖርኩበት ቦታ ቆሟል። ማን እንዳመጣው አላውቅም። መኪናው ቆመ። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

"ጠጣች?"

ሻሼን ከአፌ አወረድኩ። በዚህ ደረቅ አገር ምን የሚጠጣ አለ ልለው ነበር።

"አልጠጣችም" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ጎንበስ አለ፣ ተንበረከከ፣ በጀርባው ተንሸራቶ መኪናው ሥር ገባ። ከብቶቹ ገና አልወረዱም፤ ከላይ ይንጠባጠባል። "አባባ፣ ይንጠባጠብብሃል፣ ውጣ" አልኩ። እግሩ ብቻ ይታየኛል። በጣቱ የቀዳዳዎቹን ዳር አንድ በአንድ ሲያንኳኳ ሰማሁት።

"ይቺ የፊተኛዋ ጠባለች" አለ ከሥር። "እበት ይደፍናታል። አሁኑኑ መስፋት አለባት። ምን ትገተሪያለሽ፣ መሰርሰሪያውን አቀብዪኝ።"

ነጋዴውን አየሁት። እንዳላየ ሆኖ ፊቱን ወደ ከብቶቹ አዞረ።

አቀበልኩት።