ካቫ ውሃ አይደለም

ሴሩዋያ ሱቫ የሕብረተሰብ ጤና ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። እናቷን ትኩሳት ከገደላት ወዲህ ሌላ ትምህርት አላማራትም። ለመስክ ልምምድ የእናቷን መንደር የመረጠችውም ራሷ ነች። አሁን ግን ፈርታለች። በመንደሩ የአንጀት ተስቦ ገብቷል። ሦስት ሰዎች ወድቀዋል፤ ምንጩ አልታወቀም። መምህሯ የተሳፈረበት ጀልባ ማዕበል አግዶት ከወደብ አልወጣም።

ቀኑን ቤት ለቤት ስትዞር ዋለች።

“ውሃ አፍልታችሁ ነው የምትጠጡት?”

“እንዴታ! ሳናፈላ ጠብታ አንቀምስም” አሏት፤ ማሰሮውንም አሳዩዋት። ውሸት አልነበረም።

አመሻሹ ላይ ወንዶቹ ካቫ የሚባለውን፣ ከተክል ሥር የሚታሽ የሚያፍታታ መጠጥ ሊጠጡ የመንደሩ አለቃ በሆኑት የእናቷ ወንድም ቤት ተሰበሰቡ። የአጎቷ ልጅ ኦሴያ የተወቀጠውን የካቫ ሥር በትልቁ የእንጨት ገበታ ውስጥ ሊያሸው ባልዲ ውሃ ገለበጠበት።

“ኦሴያ፣ ውሃው ከየት ነው?”

“ከወንዝ ነዋ፣ ዶክተርዬ! ከሰማይ መሰለሽ?”

“አልፈላም?”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። “የፈላ ውሃማ ካቫውን ይገድለዋል! ደግሞ ካቫ ውሃ ነው እንዴ?” አለ ኦሴያ።

ሰሞኑን በጣለው ዶፍ ከወንዙ በላይ ያለው መጸዳጃ ሞልቶ ሲፈስ ጠዋት በዓይኗ አይታለች። የወደቁት ሦስቱም ከዚህ ገበታ ዙሪያ የማይጠፉ ነበሩ።

የመጀመሪያው ዋንጫ አጎቷ እጅ ገባ።

“አጎቴ፣ አይጠጡ!”

ሳቁ ቀጥ አለ። አለቃ ዋንጫ ይዞ በሴት ልጅ ሲከለከል ያየ የለም። ያኔ የአገሩ ደንብ ትዝ አላት፤ የእህት ልጅ በእናቷ መንደር እጇን ካሳረፈችበት ነገር የሚከለክላት የለም።

ሁለት እጆቿን ገበታው ላይ አሳረፈች። “ወስጄዋለሁ” አለች።

አጎቷ ዋንጫቸውን ሳይቀምሱ ገበታው ውስጥ መለሱት።

“የእህቴ ልጅ ከወሰደች ምን እላለሁ? እምቢ ብል ሟቿ እናቷ ትታዘበኛለች። ውሃ ይፈላ፤ ሲቀዘቅዝ ይታሻል።”

“ሲቀዘቅዝማ ይነጋል!” አለ ኦሴያ። “ዶክተር ሳትሆን እንዲህ ያደረገችን፣ ስትመረቅማ አለቅን!”

እሷ አልሳቀችም። ካቫውን ደጅ ደፍታ፣ ማሰሮ ጥዳ እሳቱ ሥር ተቀመጠች። በመጣችበት ዕለት ለአቀባበል ከዚሁ ገበታ ጠጥታለች። ተስቦው ሰውነት ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ እንደሚሰነብት ተምራለች።

ግንባሯን ዳሰሰች። ይሞቃል። ከእሳቱ ይሁን ከሌላ አላወቀችም።