ትራሱን የመለሱት ሴትዮ

በወደብ ከተማዋ በካቪቴ፣ በሳንባ ክሊኒኩ ነርሷ ዲቪና ሴትዮዋን የምታውቃቸው ገና ከደጅ ነው። አርባ ዓመት ዓሣ በጭስ ሲያደርቁ ስለኖሩ ሽታቸው ቀድሟቸው ይገባል። እግራቸው ስላበጠ የነጠላ ጫማቸውን ማሰሪያ በቢላ ቆርጠው በሲባጎ ቀጥለውታል። ትንፋሽ ስለሚያጥራቸው ሦስት ቃል ተናግረው ያርፋሉ፤ ባረፉ ቁጥር ደግሞ የሚመልሱትን ነገር ያዘጋጃሉ።

«ሳንባዎት ነው፣ እማማ። ያ ጭስ ነው የጎዳዎት» ይላቸዋል ሐኪሙ፣ የሚሳበውን መድኃኒት እየጨመረ።

«ጭሱን አውቀዋለሁ፣ ልጄ… ቆሜ ነው የሚያንቀኝ… ይሄኛው ስተኛ ይመጣል… ሌላ ነው።»

በአራት ትራስ ተደግፈው እንደሚያድሩ ግን የነገሩት ለዲቪና ብቻ ነበር። ጋደም ሲሉ መታፈን የልብ ሕመም ምልክት ሊሆን እንደሚችል ታውቃለችና፣ ሐኪሙን ነዝንዛ ደማቸውን አስመረመረች። ልብ ሲጨነቅ ወደ ደም የሚለቀው ንጥረ ነገር አለ፤ የሴትዮዋ ከጤናማው ስምንት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። የልብ አልትራሳውንዱም ያንኑ አረጋገጠ፤ ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ውጤቱን ሁለት ጊዜ አነበበና የልብ መድኃኒትና ውሃ የሚያስወጣ ክኒን ጻፈ።

በወሩ ሴትዮዋ አዲስ ነጠላ ጫማ ተጫምተው መጡ። ማንም ሳያዛቸው የምርመራው አልጋ ላይ ወጡ፤ ትራሱን አንስተው ለሐኪሙ አቀበሉትና በጀርባቸው ዝርግት ብለው ተኙ።

«ጭሱን ስታማው ነው የከረምከው፤ ለሳንባዬ እሱም እኔም እንጠየቃለን፣ ለልቤ ግን እሱ የለበትም» አሉት።

ዲቪና ቆጥራለች። አሥራ ሁለት ቃል፣ በአንድ ትንፋሽ።